ጸበል የጠጣችው ማኪና

በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ ማኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከእነሱ አንዱ ደግሞ፣ ለክፋቱ፣ ላገባት የምመኛት ልጅ አባት ነበሩ። አራዳ ላይ እህል ይነግዳሉ፤ ሚስታቸው ሞተውባቸው ከአንዲት ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ጋራዥ ውስጥ ጥገና የተማርሁ፣ ከእጄ ላይ ግራሶ የማይለቅ ጎረምሳ ነበርሁ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁባቸው። ሁለቱንም ጊዜ አብልተው አጠጥተው፣ «እስቲ ይታሰብበታል» ብለው መለሱልኝ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሦስተኛ ልልክ እየተሰናዳሁ ሳለ፣ አሮጌዋ የጭነት ማኪናቸው ማንኳኳት ጀመረች።

እህል ልታመጣ ወደ ዳባት ስትሄድ፣ የኮሶዬን ዳገት ስትያያዘው ቋ ቋ ቋ ትላለች አሉ። ያዩዋት ሁሉ «ሞተሩ ወርዶ ይፈታ፤ ዕቃውም ከአስመራ ይምጣ» ብለዋቸዋል። እሳቸውም ተበሳጭተው እኛ ጋራዥ ድረስ መጡና ከእግሬ እስከ ራሴ ካዩኝ በኋላ፣

«ስማ፣ ሞተሯ ሳይወርድ እስከ ኮሶዬ ጸጥ ብላ ከወጣች ሽማግሌዎችህን እሺ እላቸዋለሁ» አሉኝ። «አንዴ ካንኳኳች ግን ሁለተኛ ሰው እንዳትልክብኝ።»

«ይቺማ ለቁርሴም አትበቃኝ» አልሁ። ጉራዬን እንጂ ልቤን ያየ አልነበረም፤ ልቤ ከማኪናዋ ብሶ ያንኳኳ ነበር።

ረጅም ካቻቢቴ አነሳሁ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ። ውስጧ የላላ ብረት ቢኖር ገና ስትነሳ ጀምሮ ድም ድም ባለች። እሷ ግን ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ጭጭ ነው። ግላ ዳገት ስትይዝ ብቻ፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኮሻኮሽ ጠጠር ትንጫጫለች። እንዲህ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ነው። ሞተር ከልክ በላይ ሲግል ቤንዚኑ ተራውን ሳይጠብቅ ይቀጣጠላል፤ የሚያንኳኳውም እሱ ነው። ታዲያ ምን አጋላት? የራዲያተሩን ክዳን ከፈትሁ። ጉድ ነው፤ ውስጡ ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ቄጤማ ሞልቶበታል።

«አያ፣ ውሃውን ከየት ነው የሚቀዱላት?»

«ከየት እቀዳለሁ? ከጥምቀተ ባሕሩ ነዋ! ሰው ሲጠመቅ ማኪና ምነው አትጠመቅ?»

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ውሃው በተባረከ ቁጥር በጀሪካን እየቀዱ ይሞሏት ኖሯል። ያውም የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ ጭቃውን ካተራመሰው በኋላ። ከዘለሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። እግሬን የታጠብሁበት ውሃ ሚስት ሊያሳጣኝ መሆኑን ሳስበው ሳቄም ንዴቴም መጣ።

ውሃውን ላፈስ ስጎነበስ እጄን ያዙኝ። «ጸበል መሬት አፍስሰህ በጎማ ልታስረግጥ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጸበል የሰው እግር በማይደርስበት ነው የሚደፋ። ስለዚህ በሁለት ባልዲ ቀዳሁና ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተሸክሜ ተከተልኋቸው። እሳቸው ከፊት ከፊት «ጸበል ነው፣ ዞር በሉ» እያሉ መንገድ ያስለቅቃሉ። ሴቶቹ ለመቀባት እጃቸውን ዘርግተው ይቀርቡና አተላ የመሰለውን ውሃ ሲያዩ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ይመልሳሉ።

አጥሩ ሥር ስንደርስ ጣሳ አውጥተው ቀዱና ሰጡኝ።

«ጠጣ። ለልጄ ባል የሚሆን ሰው ጸበል ይጸየፍ እንደሆነ ልይ።»

ምን ይደረጋል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ተጎነጨሁ። ዝገት ዝገት፣ ጭቃ ጭቃ ይላል። «ሸጋ ነው» አልሁ። ተጠራጥረው ጣሳውን ተቀበሉኝና እሳቸውም ቀመሱ። ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ይህን ነው ሦስት ዓመት ያጠጣኋት? እሷ ሆና ነው እንጂ እኔ ብሆን ገደል እገባ ነበር» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። የቀረውን አጥሩ ሥር ደፋን።

ራዲያተሩን አውርጄ ሁለት ቀን ሙሉ አጠብሁት፤ የሚወጣው ውሃ ኩልል እስኪል ድረስ። በሦስተኛው ቀን የኮሶዬን መንገድ ያዝን። እኔ እነዳለሁ፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለል አድርገው፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ያዳምጣሉ። ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ ቀነስሁ። አንደኛውን ጥምዝ አለፍን፣ ሁለተኛውንም፤ ምንም የለም። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ዘፈን ዘፈን ይለኝ ጀመር። የምናገረውን ጉራ ሁሉ ከወዲሁ አሰናድቼ ጨርሻለሁ።

«አቁም» አሉኝ። ወርደው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆሙ። እኔም ወረድሁ።

«አንዴም ቋ አላለች?»

«አንዴም አላለች፣ አያ።»

ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው መለሱ። «እኔማ መንገዱን ሁሉ፣ አንዴ እንኳ ብታንኳኳ እያልሁ ስማጸን ነበር የመጣሁት» አሉ። «ልጄን ከወሰድህብኝ፣ ማታ ገብቼ ከማን ጋር እጫወታለሁ?»

ያሰናዳሁት ጉራ ሁሉ ጠፋኝ። ሳሳዝናቸው እንጂ ሳስደስታቸው እንዳልነበርሁ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርሁ። እሳቸው ግን ቃላቸውን አላጠፉም። «ሽማግሌዎችህ እሑድ ይምጡ» ብለው ማኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ነዳሁት። ልጃቸው ደጅ ቆማ እንደምትጠብቃቸው አውቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ልጃቸውን ልወስድባቸው የምቸኩል ስለመሰለኝ ቶሎ ማድረስ አልፈለግሁም።