ማኅተም ያረፈባት የወረቀት ወፍ

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ቀን ግን አልረሳሁትም። ለሰው ሳወራው ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ይቋረጣል።

አስቀድሜ ስለ እጄ ልናገር። እጄ አያርፍም። ስድስተኛ ክፍል ሳለን የእጅ ሥራ መምህራችን ያለ መቀስና ያለ ሙጫ ከአንድ ነጠላ ወረቀት ወፍ መሥራት አስተማሩን። መጀመሪያ አራቱም ጎኑ እኩል እንዲሆን የወረቀቱ ግርጌ ይቀደዳል። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ይታጠፋል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይታጠፋል፤ መስመሩን በጥፍር እየጫኑ ማስያዝ ነው። ሲያልቅ ደረቷን ይዘው ጅራቷን ሳብ ሲያደርጉ ክንፏን ታራግባለች። የክፍሉ ልጆች በሳምንቱ ረሱት። እኔ ላይ ግን አመል ሆኖ ቀረ። የሲጋራ ብልጭልጭ በሉት፣ ያረጀ ደብተር በሉት፣ እጄ የገባ ወረቀት ሁሉ ወፍ ሆኖ ይወጣል። እናቴ «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ነጠላዬንም ታጥፈዋለህ» ትለኝ ነበር።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። በደርግ ጊዜ የተማረ ሰው ይመደብ ነበር ይሉናል ታላላቆቻችን። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ለተመረቅነው የደረሰን ግን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ጠዋት ተነስቼ ደሴ ፒያሳ እወጣለሁ፣ ሰሌዳውን አነባለሁ፣ ማመልከቻ በታይፕ አስጽፌ እልካለሁ። መልስ የለም።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ የጥሪ ደብዳቤ መጣልኝ። አጭር ናት። ፈተናውን አልፈሃል፤ ይህን ደብዳቤ ይዘህ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልቀረብክ ግን በተጠባባቂ ትተካለህ ትላለች። ፊርማው ላይ ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም አርፎበታል። የደረሰችኝ ሐሙስ ከሰዓት ነው። እናቴ ማንበብ ባትችልም ማኅተሙን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና ሳትውል ሳታድር ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሥራ ገባ» ብላ ተናገረች።

ዓርብ ጠዋት ደብዳቤዋን አጥፌ ሸሚዜ ኪስ ከተትኳት። እዚያው ኪስ ውስጥ አንድ ትርፍ የማመልከቻ ቅጂ ነበረኝ፤ እሱም እንደ ደብዳቤዋ በስስ ወረቀት ላይ በታይፕ የተጻፈ ነው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሚኒባሱ ውስጥ ነጭ ቆብ ካደረጉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጭናቸው ላይ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ይዘዋል። የልጃቸው ልጅ ናት፤ ስሟ ሉባባ። የመጡት ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ነው። እናቷ ስለ ወለደች፣ አራስነቱ እስኪያልፍ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ሊያደርሷት ነው። ልጅቱ ግን ይህ አልገባትም። እናቷን እየጠራች ታለቅሳለች።

«አብሽሪ የኔ እናት፣ አብሽሪ» ይሏታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወዴት ነህ የኔ ልጅ?»

«ሥራ ልጀምር ነው አባባ፣ ፋብሪካ። እስኪ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ላይ ግን ዱዓ የሚለምን ሰው ሃይማኖቱን ማንም አይጠይቀውም። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ ያግራልህ፣ እንጀራህን ያስፋልህ፣ ለወላጆችህ መጦሪያ ያድርግህ» ሲሉ ሚኒባሱ በሙሉ «አሚን!» አለ። ሉባባ በድምፁ ደንግጣ ዞር ዞር ብላ አየችን። ወዲያው ልቅሶዋን ቀጠለች።

የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር በየመጠምዘዣው ልቅሶዋ ባሰ። አንጀቴን በላችው። እጄ ኪሴ ገባ፣ የመጣለትን ወረቀት አወጣ። በታይፕ የተጻፈ መሆኑን አይቻለሁ፤ ትርፉ ማመልከቻ ነው ብዬ ነው። ዓይኔ ከልጅቱ አልተነሳም። ግርጌውን ቀድጄ ቁራጩን ኪሴ መለስኩ፣ ከዚያ እያጠፍኩ እየገለበጥኩ «አሁን ምን ትወጣለች? ማን ናት የምትመጣው?» እላታለሁ። ወፏ ክንፏን ስታነሳ ሉባባ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ሳቀች። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ጅራቷን እየሳበች ስታበርራት ወረደች። እኔም በራሴ በጣም ረካሁ።

የፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው «ደብዳቤ» አለኝ። ከኪሴ ማመልከቻዬን አወጣሁ። አንድ ቁራጭ ወረቀትም አብሮ ወጣ። «ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር» ይላል። ከጥሪ ደብዳቤዬ እጄ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

«ደብዳቤህ የታለ?»

«ወፍ... ወፍ አድርጌው ለልጅ ሰጠሁት።»

ጥበቃው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለ ከልቡ። ስሜን ነገርኩት፣ ለመንኩት። ያለ ደብዳቤ ማንንም እንዳያስገባ ታዟል።

እየሮጥኩ ወደ መናኸሪያ ተመለስኩ። ነጭ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ሁሉ እሳቸውን ይመስለኛል፤ አንዳቸውም ግን አይደሉም። የአክስቷን ሰፈር አልጠየቅኩ፣ የሳቸውንም ስም አልጠየቅኩ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ተመልሼ በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ለእናቴ ምን እላታለሁ? አመሌ በላኝ ልበላት? ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን ሥራ በገዛ እጄ አጣጥፌ ሰጠሁ። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ።

አንድ ጋሪ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው ወረዱ። ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው በመሃሉ ወፏን ነፍስ እንዳላት ነገር ይዘዋታል። ሉባባ ጋሪው ላይ ሆና ትጮኻለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ አገኘሁህ!» አሉኝ። «ልጅቱ ጅራቷን ስትስብ ክንፏ ብድግ አለ፣ ከሥሩ ማኅተም አየሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ማኅተም ግን አውቃለሁ። ቤቴ ያለው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የመሬቴ ብቻ ነው፣ እሱንም በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማኖረው። ወላሂ ይህ ልጅ ተሳስቷል አልሁ። ብፈታት ትቀደድብኛለች ብዬ እንዲሁ ከነነፍሷ ይዤ፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ እየጠየቅሁ መጣሁ።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። «ተው፣ ተው። ይልቅ ለልጅቱ ሌላ ሥራላት። ከእጇ ነጥቄ ነው የመጣሁ።»

ማመልከቻው እጄ ላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጥበቃው ግን ሰዓቱን እያየ «ትገባለህ ወይስ አትገባም? ሊዘጋ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ስወጣ እሠራላታለሁ አባባ፣ ይጠብቁኝ» ብዬ ሮጥኩ።

ውስጥ ያለችው የሰው ኃይል ሠራተኛ ወፏን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥላት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ስፈታው፣ ስታነብ፣ ያቺን ቁራጭ ከተቀደደበት ጎን ጋር ስታገጣጥም ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ጓደኞቿን ጠርታ አሳየቻቸው። ከዚያ በስኮች አያይዛ መዘገበችኝ። ቅጽ ሙላ፣ ፎቶ አምጣ፣ ዋስ ጥራ ሲሉኝ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ስወጣ በሩ ላይ ማንም የለም።

«የጁምዓ ሶላት እስኪደርስ ጠበቁህ» አለኝ ጥበቃው፣ ድምፁ ረገብ ብሎ። «ልጅቱ ‹ወፌስ? ወፌስ?› ስትል ቆይታ ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ግባና ጥራልኝ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ‹ተወው፣ ሥራውን አናስፈታው› ብለው ሄዱ።»

ያ ድንጋይ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩና በማመልከቻው ወፍ ሠራሁ። ለምን እንደሠራኋት አላውቅም። የምሰጣት ልጅ አልነበረችም።

በመጀመሪያው ክረምት ሁለት ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሄጄ ጠይቄአለሁ። «ሉባባ የምትባል የልጅ ልጅ ያላቸው፣ ነጭ ቆብ የሚያደርጉ ሽማግሌ» ስላቸው ገበያተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ሉባባ የሌለችበት ቤት የለም፤ ነጭ ቆብማ እኔም አለኝ» አለኝ አንዱ። ሻይ ጋብዘውኝ መለሱኝ።

በዚያ ሥራ እናቴን እስከ መጨረሻዋ ጦርኩ፣ ትዳር ያዝኩ፣ ልጆች አሳደግኩ። ዱዓው ሰምሯል። ሥራውን ስለቅ የመዝገብ ቤቷን ልጅ ለምኜ የግል ማኅደሬን አየሁት። ደብዳቤዋ ከሥር አለች፤ ስኮቹ ቢጫ ሆኗል፣ የታጠፈችበት መስመር ግን እንዳለ ነው። እጄ አላርፍ ብሎ ማጠፍ ስጀምር «ኧረ ጋሼ፣ ሰነድ እኮ ነው!» ብላ ቀማችኝ። አልፈረድኩባትም።

ዛሬ የሚከነክነኝ ደብዳቤዋ አይደለችም፤ እሷ ተመልሳልኛለች። «ስወጣ» ያልኳት ቃል ናት። እኚያ ሰው ለኔ እንጀራ ብለው የራሳቸውን ልጅ አስለቀሱ፣ እኔ ግን ሁለት ደቂቃ አጣሁላቸው። እሳቸው ዛሬ በሕይወት መኖራቸውን አላውቅም። ሉባባ ግን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ምናልባት የልጆች እናት ናት።

ያን ቀን ድንጋዩ ላይ የሠራኋት ወፍ እስካሁን ቤቴ ናት። የገዛ ልጄ ሕፃን ሳለች ስጠኝ ብላ አልቅሳብኝ ሌላ ሠራሁላት እንጂ እሷን አልሰጠኋትም። ባለቤት አላት አልኳት።

ሉባባ፣ ይህን ካነበብሽ ወይም ያነበበ ሰው ከነገረሽ፣ ወፍሽ እኔ ዘንድ አለች። ጅራቷን ሳብ ሲያደርጓት ዛሬም ክንፏን ታነሳለች።