ሙስአብ ያልጠየቀው ጥያቄ

ፈሪዳ ልደታ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ ትሸጣለች። ልጇን ሙስአብን ብቻዋን ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው፤ ስታሳድገውም በአንድ ነገር አልተደራደረችም። ትልቅ ሰው ፊት ዘው ብሎ ወደ ጉዳይ መግባት የለም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያ ምርቃት። ጉዳዩ የትም አይሄድም። ልጁ ዳቦ ሊገዛ ሲላክ እንኳ የባለሱቁን ቤተሰብ ደኅንነት ጠይቆ እስኪጨርስ ዳቦው ያልቅ ነበር። እሷ በዚህ ትኮራ ነበር።

ሙስአብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ አጠና። እዚያ አንድ ሟች ሀብታም በተዉት ገንዘብ በየዓመቱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ይዘጋጃል፤ ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ። በመጨረሻው ዓመት ሙስአብ ተነሥቶ ሊጠይቅ ቆረጠ። ጥያቄውን ሲያብሰለስል ሰንብቶ እናቱ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ "ይቀረጻል እኮ እማ፣ ያኔ ትሰሚዋለሽ" ብሎ ሸሸጋት። የንግግሩ ዕለት ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ። "እንዴት ሆነልህ?" ብትለው "ደኅና" አለ።

ክረምቱ ሳይገባ መኪና ገጨውና ሞተ። ስልኩም አብሮት ደቀቀ። ፈሪዳ ፎቶውን ሱቋ ውስጥ ሰቀለች፤ ፎቶ ግን "እማ" አይልም።

ቅጂው ትዝ ሲላት ሱቋን ዘግታ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደች። ዛሬ ኃላፊው የለም፣ ነገ ስብሰባ ላይ ነን እያሉ ሲያመላልሷት ከረሙ። በመጨረሻ የድሮ ንግግሮችን የሚያስቀምጠው ወንድምአገኝ አዘነላትና አስገብቶ ማዳመጫ አደረገላት።

"በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላዘጋጃችሁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው" አለ ሙስአብ። ፈሪዳ አፏን በሻሿ ያዘች። ልጁ ቀጠለ፤ ገንዘቡን ለተዉት ሟች ምሕረት፣ ለፕሮፌሰሩ ረጅም ዕድሜ፣ በር ላይ ለቆሙት ጥበቃዎች ጤና ለመነ። ካስተማረችው አንዲት አላጎደለም።

"ወንድማችን" አለ የመድረኩ መሪ፣ "ምርቃቱን አሜን ብለናል። ጥያቄህስ?"

አዳራሹ ሳቀ። የተማረ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ አያፍርም። ሙስአብ ደነገጠ፤ የደነገጠ ልጅ ደግሞ የሚይዘው የለመደውን ነው። "በመጀመሪያ..." ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ። ያን ጊዜ ሳቁ ጣራ ነካ፤ ፕሮፌሰሩም ሳቁ። ማይኩን ተቀበሉትና ለሌላ ሰጡት። ጥያቄው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ፈሪዳ ልጇ ያን ማታ ለምን ሳይበላ እንደተኛ ገባት። ማን እንዳዋረደውም ገባት፤ ምርቃቱ ቃል በቃል የራሷ ነበር።

"ልጄ፣ ሳቁን አውጣልኝ" አለችው ወንድምአገኝን።

"ሳቁ ድምፁ ላይ ተደርቦ ነው የተቀረጸው፣ እናቴ። እሱን ካወጣሁ ልጅዎም አብሮ ይወጣል።"

"እንግዲያው እንዳለ ስጠኝ።"

ስልኳ ላይ ጫነላት። ሱቁ ጭር ሲል ትከፍተዋለች፤ የመድረኩ መሪ አፉን ከመክፈቱ በፊት ትዘጋዋለች። እስከዚያች ድረስ ሙስአብ ጨዋ ልጅ ነው፤ ማንም አልሳቀበትም።

አንድ ቀን ሚስራ የምትባል ልብስ ሰፊ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ዚፕ ልትገዛ መጣች። ፈሪዳ ጀርባዋን ሰጥታ እያዳመጠች ስለነበር መግባቷን አላወቀችም። ልጁ ጥበቃዎቹን መመረቅ ሲጀምር ሚስራ ፍርስ ብላ ሳቀች።

"ወይ ጉድ! ይሄ ደግሞ ሰፈሩን ሙሉ መርቆ ሊጨርስ ነው እንዴ?" አለች ባንኮኒውን ተደግፋ። "ማነው እሱ?"

ፈሪዳ ስልኩን ዘጋችው። ልጄ ነው ልትል አፏን ከፈተች።

"እንጃ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ነው" አለች፤ ሚስራ ዓይን ዓይኗን ስታያት ጊዜ እሷም ትንሽ ሳቀችበት።