ሬሳው ካልታየ

ክረምት ገብቶ ታክሲ ውስጥ የረጠበ ሹራብ ሽታ ከለውዝ ልጣጭ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ዛሬም ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ በነበረው በጋሽ ከድር ቪዲዮ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ቪዲዮ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር አይታያችሁ፤ ዙሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በጆንያ የተደፈነ፣ አግዳሚው ሱሪ የሚቀድ ክፍል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨርሶ ስለማይሰማ፣ በክረምት ፊልሙን የሚተረጉምልን እንግሊዝኛ የሚችል ሳይሆን ጉሮሮ ያለው ሰው ነበር፤ ጉሮሮውም ትንሽ እንግሊዝኛውም የነበረው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ጫላ ነው።

ጫላ ይማር ነበር፤ እኔ አልማርም። አባቴ የፋብሪካ ዘበኛ ነበር፣ እናቴ ማረሚያ ቤቱ መንገድ ላይ ለእስረኛ ጠያቂዎች ሻይና ፓስቲ ትሸጥ ነበር፣ ውሃ የሚቀዳና ብርጭቆ የሚያጥብላት ልጅ ያስፈልጋት ስለነበር፣ «አንዱ ይማርና ሌላውን ያወጣዋል» ተብሎ ተወሰነ፤ አንዱ እኔ አልሆንኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ይህን የምለው እዘኑልኝ ለማለት አይደለም። ያን ጊዜ ስለ ዓለም የማውቀው ሁሉ በጫላ አፍ በኩል የመጣ መሆኑን እንድታውቁት ነው።

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ እኛ ሦስታችን፣ አባቴ፣ ጫላና እኔ፣ ከቪዲዮ ቤት እንመለስና ጫማችንን በር ላይ ከጭቃው እያላቀቅን ሙግቱን እንጀምር ነበር። ጫላ ድብድብ ያለበትን ይወዳል፣ አባቴ ኮሜዲ ካልሆነ አይጥመውም።

«ሰውዬው ከድልድይ ወድቆ ተነስቶ ሄደ?» ይል ነበር አባቴ። «እኛ ጋ በሬ ከዚያ ቢወድቅ ቅርጫ ነው የሚሆነው።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ አክተሩ ነው» ይለዋል ጫላ። «አክተር አይሞትም።»

በእኛ ሰፈር አክተር ማለት ፊልም የሚሠራ ሰው ሁሉ አልነበረም። አክተር አንድ ሰው ነው፣ ዋናው፣ የተቀረው ሁሉ ሟች ነው። አክተሩ የሞተ የሚመስልበት ፊልም የመጣ እንደሆነ ሙግቱ ሳምንቱን ሙሉ ይዘልቅና፣ በመጨረሻ የሚፈርደው ሕግ አንድ ነበር፤ ሬሳው ካልታየ አልሞተም፣ ክፍል ሁለት አለው። ጋሽ ከድርም፣ ከስልጤ መጥቶ አንዲት ሱቅና አንድ ቪዲዮ ቤት ያቆመ ሰው፣ ሲጠየቅ «አለው፣ ኢንሻላህ በቅርብ ይገባል» ይል ነበር። ነጋዴ ነው፤ ክፍል ሁለት የሌለው ፊልም እሱ ዘንድ አልነበረም።

እናቴ ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ፊልሞቹን ሁሉ የምታውቃቸው ከእኛ ሙግት ነበር። የፓስቲውን ሊጥ እያቦካች ዝም ብላ ትሰማንና፣ ስንጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ ነበር።

«እናቱስ?»

«የማን እናት?»

«የአክተራችሁ ነዋ። ይኼ ሁሉ ሲሆን የት ነበረች?»

«ፊልሙ ውስጥ የለችም እማዬ።»

«ታዲያ ከሰማይ ዱብ አለ?»

አባቴ ይስቅና «አንቺ ብትሠሪው ኖሮ ፊልሙ ሁሉ ጓዳ ውስጥ ያልቅ ነበር» ይላት ነበር። ጫላ ግን አልሳቀባትም፤ እያደር በየፊልሙ መጨረሻ ላይ እናት መጨመር ጀመረ፣ አክተሩ ጠላቶቹን ጨርሶ፣ ደሙን ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ወደ እናቱ ይሄዳል። እንደሚዋሻት ታውቅ ነበር፤ ግን እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ፈገግ ትላለች።

ክረምቱ አልፎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ገላን ላይ ከነበረችን ማሳ የመጨረሻው ጤፍ በታጨደበት በጋ ጫላ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ስለነበርና ውጤት ስላልመጣለት፣ ቀኑን ሙሉ የጋሽ ከድር ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውል ጀመር። እዚያ ደላላ አገኘው። ደላላውን አሁንም ባገኘው የማደርገውን አውቃለሁ፣ ግን እዚህ አልጽፈውም። ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ ሲወሰን አባቴ «ይቅርብህ» አለ፣ እናቴ ሊጧን ማቡካት ቀጠለች፣ እኔ ደግሞ አክተር ሲሄድ ቆሜ እንደማይ ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር።

«አንተ ቁንጫ» አለኝ ሻንጣውን ትከሻው ላይ እያደረገ፣ «እስክመጣ ለእማዬ ፊልሙን አንተ ንገራት። እናቲቱን እንዳትረሳ።»

ከሞያሌ አንዴ ደወለ። ከዚያ ጠፋ። እኔ በየእሑዱ ያልገባኝን ፊልም ለእናቴ እየነገርኳት፣ በመጨረሻው እናት እየጨመርኩ፣ በጋው አለቀ።

ሰኔ መጥቶ መንገዱ እንደገና ሲጨቀይ፣ አብሮት የሄደ ልጅ በጋሽ ከድር ሱቅ ስልክ ደወለ። ጫላ ጫካ ውስጥ ታሞ መራመድ አቅቶት እንደነበር፣ መንገድ መሪዎቹ ስላልጠበቁት ተኝቶ ጥለውት እንደሄዱ፣ ሌሊቱን በሕይወት የሚያድር ሰው እንዳልነበር ተናገረ። ጋሽ ከድር ለእኛ ማውራት አልቻለም፤ ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ቱሉ ነገረ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበው ግቢያችንን ሞሉት፤ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለሌላ ነገር አይመጣም፣ እናቴ በሩን ስትከፍት ገባት።

«ብርቄ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሏት አቶ ቱሉ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ልጃችን ጫላ… እግዜር ወስዶታል።»

«ሬሳውን ማን አየ?»

አቶ ቱሉ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እጠይቃለሁ። ከመካከላችሁ ሬሳውን ያየ ማነው?»

«ኧረ ብርቄ፣ ጓደኛው ነው ደውሎ ጫካ ውስጥ ተኝቶ ተውነው ያለው…»

«ተኝቶ ነው የተውነው አለ፣ አይደል? የተኛ ይነሳል። እነዚህ ልጆች እዚህ ቤት ሲሟገቱ ስንት ክረምት ሰምቻለሁ፤ ሬሳው ካልታየ አልሞተም። ሂዱ፣ ድንኳኑንም መልሱት።» ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ወደ ቆመው አባቴ ዞራ «አንተም እንዳታለቅስ፤ ሟርት ነው» አለችው።

ሰዎቹ ትንሽ ቆመው ተመለሱ። አንዲት ሴት ግቢያችንን ሳትለቅ ጩኸት አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናቴ በዚያው ጠዋት ፓስቲዋን ጠብሳ ወጣች፤ እኔም ብርጭቆዎቹን ተሸክሜ ተከተልኳት።

አባቴ እቤት ማልቀስ ስለተከለከለ ቪዲዮ ቤት ያዘ። ያን ክረምት ኮሜዲ በተከፈተ ቁጥር ሄዶ ከኋላ ይቀመጥ ነበር፣ እኔም ከጎኑ፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈነዳ ያን ጊዜ ጠብቆ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለቅስ ነበር። አጠገባችን ያሉት በጣም የሳቀ እየመሰላቸው «ጋሼን ዛሬ ሳቅ ገደላቸው» እያሉ ጀርባውን ይመቱት ነበር። ሳቁ ሲበርድ እሱም ያቆማል። እንዲህ እየሰረቀ ሲያለቅስ ኖረ፣ ለልጁ አንድ ቀን በአደባባይ ሳያለቅስለት ሞተ፤ የሱን ድንኳን ስንተክል እናቴ «ጫላ ሲመጣ ምን እለዋለሁ» እያለች ነበር የምታለቅሰው። አልዋሽም፣ በዚያን ቀን ጠልቻታለሁ።

ከዚያ ሰፈራችን ፈረሰ። ዕድርተኛው የተወሰነው ወደ ቂሊንጦ፣ የተወሰነው ወደማላውቀው ተበተነ፣ ቪዲዮ ቤቱን ስልክ በላው፣ እኔም ጤፋችን በነበረበት አካባቢ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እናቴን ይዤ ገባሁ። ልጆቼ የሚያዩት የሚበሩ ሰዎችን ነው። አምና ክረምት ስልኩን ማሰሮ ላይ አስደግፈው፣ በሁለተኛው ክፍል የሞተው ጀግና በሦስተኛው ስለተነሳበት ፊልም ይሟገቱ ነበር።

«እሱ አይደለም» አለች ልጄ። «አክተሩን ቀይረውታል። ፊቱን እይ።»

«ስሙ ያው ነው፣ ልብሱ ያው ነው» አላት ወንድሟ። «ተነስቷል በቃ።»

«ልብሱ ምን ያደርጋል? የሞተው ሌላ፣ የመጣው ሌላ።»

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ስለ እናቱ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀችም። «አምጡት እስቲ» አለችና ስልኩን ፊቷ ላይ አስጠግታ አየችው።

«ጫላ ሲሄድ ጢም አልነበረውም» አለችኝ። «አሁን ቢመጣ ሽማግሌ ነው። ምኑን አውቄው ነው ልጄ የምለው?»

ስልኩን ከእጇ ወስጄ ለልጆቹ መለስኩ።

«የኔው አይመጣም» አለች። «ለሰው ንገር። ይለቀስለት።»

ለቅሶውን ለመንገር በየደረጃው ወረቀት የለጠፍኩት በራሴ እጅ ጽፌ ነው። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ አንብቦት «ሟች ምንህ ነው?» አለኝ፤ «ወንድሜ» አልኩት። «መቼ ነው ያረፈው?» ሲለኝ የወረቀቱን ጥግ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግሁ፣ ድንኳን ከሦስት ቀን በላይ ቦታ መያዝ እንደማይፈቀድ ነግሮኝ ሄደ።

አራት ጎረቤቶች መጡ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው፣ ንፍሮውን ቀምሰው፣ ስልካቸውን እያዩ ተቀመጡ፤ ያላወቁትን ልጅ ምን ብለው ያልቅሱት? እናቴ ቆማ ሙሾ አወረደችለት፤ አፏን የፈታችው በዚያን ቀን ነው፣ የልጇን ቁመት፣ ድምፁን፣ አካሄዱን እየጠራች። ሙሾ የሚቀበል ይፈልጋል። ያኔ ግቢ ሙሉ ተቀባይ ነበረን፣ ጎህ ሳይቀድ በእግሩ የመጣ፣ እኛ መለስነው፤ ዛሬ ድንኳኑ አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ ስንኙን ጨርሳ ቀና ስትል ግን የሚመልስላት የለም። ወንድ ሙሾ አይቀበልም ይባላል። ይባል። ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩና ተቀበልኳት።