ትንሿ ዳዮድና የሲሳይ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የስልክ ቻርጀሯ ተበላሽቶ ልትጥለው ስትል ተቀብያት ፈታሁት። ከምስር ፍሬ የማይበልጡ አራት ዳዮዶች ተደርድረዋል። "አባባ፣ እሱ እኮ አይሠራም፣ ምን ያደርግልዎታል?" አለችኝ። እኔ ግን አራቱን ዳዮዶች እያየሁ ሲሳይን አስታወስኩ።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ እንደዛሬው መብራት አልነበራትም። ቀበሌያችን ግን ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ ነበረው። የአክስቴ ልጅ ሲሳይ፣ አብሮ አደጌ፣ ደሴ የሬዲዮ ጥገና ተምሮ መጥቶ ገበያው ዳር ይሠራ ነበር። የባቄላ እሸት እየፈለፈለ ያስረዳኛል፦ "የጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ማጉያው የሚፈልገው ደግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈሰውን ነው። ዳዮድ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይከለክላል። አራቱን አዛምደህ ስታስራቸው መምጫውንም መመለሻውንም ወደ አንድ ወገን ያዞሩታል።"

መስከረም ላይ፣ የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ ከአራቱ አንዱ ተቃጠለ። ምትክ ከደሴ እንዳይመጣ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦታል። ሲሳይ ካሮጌ ሬዲዮ ትንሽ ዳዮድ አውጥቶ ተካ። ለቀበሌው ሊቀመንበር ሲነግረው እኔው ራሴ ሰምቻለሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ብዙ አትሸከምም። ድምፁን ዝቅ አድርጉት፤ ከጋለች ትቃጠላለች።"

"እሺ እሺ፣ አንተ ብቻ አስጩኸው!"

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ሩቅ ካለችው ከሙጃ ከተማ ሳይቀር ተጠርቶ ጭቃ ላይ ቆሟል። ከደርግ የተላከው ካድሬ ንግግሩን ሲጀምር ሊቀመንበሩ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ዳዮድ ሲቃጠል ክፉ ጠባይ አለው፤ መከልከሉን ይተውና በሁለቱም በኩል ያሳልፋል። ማጉያው አጓራ፣ ጨሰ፣ ጸጥ አለ። ካድሬው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከሕዝቡ መሀል አንዳንዱ ሳቀ። ሲሳይን የበላው ያ ሳቅ ነው።

"አሻጥር ነው!" ተባለና ታሰረ። ቅዳሜ ሕዝብ ፊት ቀርቦ መልስ ይስጥ ተባለ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "ምንም አልነገረኝም" አለ።

አባቴ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ አገር ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ ሆነም አልሆነ ድንጋይ ተሸክመህ ትወድቃለህ፣ "አጥፍቻለሁ" ትላለህ፣ የተቆጣው ሰው ድንጋዩን ያወርድልሃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አባቴ እስር ቤት ድረስ ሄደው ሲሳይን ለመኑት።

"እንደው አጥፍቻለሁ በላቸው። ወድቆ በለመነ ሰው ማን ይጨክናል?"

"አያ፣ እኔ እኮ አላጠፋሁም!"

"ባታጠፋስ? ቃል ምን ይጎዳሃል? ለእናትህ ስትል።"

ለእናቱ ሲል ተሸከመ። ሕዝቡ ፊት ተንበርክኮ "አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ" አለ። አባቴ ድንጋዩን የሚያወርድለት ሰው ይጠብቃሉ። ካድሬው ከወንበሩም አልተነሳ። "ሰማችሁ፤ በራሱ አንደበት አመነ" አለ። ድንጋዩን ያወረዱለት ወታደሮች ናቸው፣ እጁን የኋሊት ለማሰር። አባቴ "ኧረ በሕግ አምላክ! በል ያልኩት እኔ ነኝ!" እያሉ የጫኑበትን መኪና ተከተሉ። ማን ሰምቷቸው! ወልድያ ወሰዱት አሉ፣ ቀጥሎ ደሴ አሉ። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ወንድሟን፣ አባቴን፣ ቀና ብላ አላየችም። እኔ አባቴን መቆጣት አልቻልኩም። እነዚያን ግን፣ እግዜር ይይላቸው፣ ዛሬም ይቅር አላልኩም።

አሁን እኔም ሸብቼ ለሽምግልና እጠራለሁ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሳይ፣ አፉን ሳይከፍት ሮጬ አወርድለታለሁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች "ምነው፣ ጥፋቱን ይናገር እንጂ፣ ሥርዓት ነው" ብለው ይቆጡኛል። እኔም ድንጋዩን እንዳቀፍኩ "ግድ የለም፣ ምንም አትበል ልጄ" እለዋለሁ።