ጥላው ብቻ የቀረ ሪባን

የአባቴን ሞት ሽማግሌዎች ሳያረዱኝ ኮምፒውተር ላይ አነበብኩት። ያነበብኩትም ሊደብቁኝ ስለሞከሩ ነው።

የምሠራው ኡጋንዳ፣ ኪሰንዪ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የአገራችን ሰው ከከፈቷት ፎቶ ቤት ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። የፓስፖርት ፎቶ እናነሳለን፣ ለኦዊኖ ገበያ ነጋዴዎች ባነር እንሠራለን። ኮሮና መጥቶ መንገዱ ሲዘጋጋ ግን ሥራችን ሁሉ ሰውን ከሰው መግጠም ሆነ። እናቷ ሠርጓ ላይ ያልደረሰችላት ሙሽራ ትመጣለች፤ የተወለደለትን ልጅ ያላየ አባት ይመጣል፤ "አንድ ላይ አድርጊን" ይሉኛል። አደርጋለሁ። ሰውየው ለብቻው አንድ ሌየር፣ ሴትየዋ ለብቻዋ አንድ ሌየር፣ ከኋላቸው ያለው ቦታ ሌላ፤ እንደ ስስ ላስቲክ አንዱ ባንዱ ላይ ይነጠፋል። ከላይ ላየው አንድ ፎቶ ነው።

ለራሴም ሠርቼ ነበር። አባዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ "ካደግሽ ወዲህ አብረን የተነሳነው እኮ የለም" ሲለኝ፣ ወንድሜ ግቢያቸው ውስጥ አነሳው፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ተነሳሁ፣ ገጠምኩን። ከኋላችን የእንቴቤን ሐይቅ አደረግኩ። አባዬ ውኃ ይፈራል፤ ላስቀው ብዬ ነው። በስልክ ስልክለት ዓይኔ አያነሳውም አለ። "በወረቀት አድርጊልኝ።" የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ፋይሉ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ አንድ ሰሞን አባዬ ስልክ ማንሳት ተወ። ወንድሜን ስጠይቀው አንዴ "ተኝቷል"፣ አንዴ "ቤተ ክርስቲያን ነው"፣ አንዴ "ስልኩ ተበላሽቷል" ይለኛል።

"ተበላሽቶ ነው እንዴ የሚጠራው?" አልኩት። ዘጋብኝ።

ጋሼም ተለወጡ። ሳልጠይቃቸው ምሳ ይገዙልኛል፣ ሳረፍድ አይቆጡም፤ ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው ዘለው ይነሳሉ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ሊያባርርሽ ሲል ነው እንደዚያ ደግ የሚሆነው።

በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ሴት ተገኘች። ፎቶውን አትሜ ልሰጣት ፋይሉን ስከፍት፣ አባዬ ደረት ላይ ሰያፍ የሆነ ግራጫ ጥላ ወርዶበታል። ቀጭን ነው፤ ላላወቀው አይታይም። እኔ ግን አልሠራሁትም።

"ስክሪኑ ነው" አሉ ጋሼ ከበሩ ላይ። "አርጅቷል።"

ፎቶውን ወደ ግራ ጎተትኩት። ጥላው አብሮ ሄደ። ስክሪን ቢሆን ኖሮ ቦታው ላይ ይቀር ነበር። አጎላሁት፣ አሳነስኩት፣ አለ። በትንሽ ወረቀት አተምኩት፣ ወረቀቱም ላይ አለ።

"ምን ትጎረጉሪያለሽ? ሂጂና ሮሌክስ ግዢልኝ" አሉ፤ በቂጣ የተጠቀለለውን የእንቁላል ጥብስ።

"አሁን በልተዋል እኮ።"

"ለአንቺ ነዋ፣ ከስተሻል።"

"ጋሼ፣ ይህን ሳልጨርስ የትም አልሄድም።"

ወደ መንገዱ ዞሩ። የቦዳ ሞተር ሳይክል ነጂዎች እየተሰዳደቡ ነበር፤ እሳቸው እነሱን የሚሰሙ መሰሉ።

ሌየር ስሠራ ዝርክርክ ነኝ፤ ስም አልሰጥም። ዝርዝሩ ቅጂ፣ የቅጂ ቅጂ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ማጥፋት ያዝኩ፤ ዓይን የምንለው ሌየሩን የሚደብቀውን ምልክት ነው። ሐይቁን አጠፋሁ፣ ጥላው አለ። ራሴን አጠፋሁ፣ አለ። አባዬን አጠፋሁ። ባዶ ነጭ ላይ ጥላው ብቻውን ቀረ፤ የሚጥለው ነገር የለም። ሐይቁ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ ሌላ ታየኝ፤ በውኃው መሀል ተሸሽጎ የነበረ፣ አጠር አጠር ያለ የጥላ መስመር።

ያኔ ገባኝ። ፊል የሚባል ማስተካከያ አለ። ወደ ዜሮ ስትጎትቺው የሌየሩ ውስጥ ይጠፋል፣ ጥላው ግን አይጠፋም። ለሱቆች ስም ስሠራ ሁሌ የምጠቀምበት ነው። ጋሼ ከእኔ እያዩ ነው የተማሩት፤ የሆነ ነገር ሠርተው፣ ድንገት ስገባባቸው፣ ዓይኑን በማጥፋት ፈንታ ፊሉን ጎትተው፣ አስቀምጠው ዘግተዋል። የሌየሩ ስምም በአማርኛ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ማውጣት አቅቶት ዝርዝሩ ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር፤ የተበላሸ ቅጂ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

አጭሩን መስመር አጎላሁት። ፊደል ነው። የፊደል ጥላ። ነ። ፍ። ስ። ከዚያ ክፍተት። የቀሩትን ለማንበብ ማጉላት አላስፈለገኝም።

ሰያፉ የሐዘን ሪባን ነበር።

"ጋሼ" አልኩ። "መቼ ነው?"

"ምኑ?"

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ማስካቸውን አወረዱ፣ መልሰው ሰቀሉት።

"ለእኔ ጠፍቶልኝ ነበር እኮ" አሉ። "ያለፈው ሐሙስ ነው፤ ቀብሩም ዓርብ ተፈጸመ። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነው፣ ሁሉም ተነግሮታል። ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው ልጄ።"

"ብቻዬን ሰማሁ።"

"ሰማሽ" አሉ።

አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሪባኑን መልሼ አወጣሁት። ተጣሞ የተሠራ፣ ወፍራም፣ አስቀያሚ ሪባን።

"ይሄ ለልቅሶ ቤት አይሆንም" አልኳቸው። "እኔም አለሁበት። በቁሟ ነፍስ ይማር የተባለች ልታደርጉኝ ነው?"

"አንቺን ማውጣት አቃተኝ። ሳወጣሽ ትከሻው ይቆሽሻል።"

ራሴን አጠፋሁ። እውነታቸውን ነው። ፎቶው ላይ እጄን አባዬ ትከሻ ላይ አድርጌ ነበር፤ የተለጠፈ እንዳይመስል የእጄን ጥላ በብሩሽ ኮቱ ላይ ቀብቻለሁ፣ እዚያው እሱ ሌየር ላይ። እኔ ስጠፋ ጥላው ቀረ። አራት ጣት፣ ደብዘዝ ያለ።

ማጥፋት ይቻላል። ከጎኑ ያለውን ጨርቅ ቀድቶ መለጠፍ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው። አንዱን ጣት ጀመርኩና መልሼ አመጣሁት። ሐይቁን አነሳሁለት። ሪባኑን አቀጠንኩ። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ያተምኩትን መስታወት ፍሬም ውስጥ ከትተው ይዘውት ሄዱ፤ ነገ ሽማግሌዎቹ ያመጡት ይምሰል ብለን ነው።

ሽማግሌዎቹ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ደረሱ። ለብሼ ከፈትኩላቸው። ትልቁ ሰውዬ ከናኪቩቦ ቦይ ማዶ በእግራቸው ነው የመጡት፣ እያለከለኩ ነበር። ወሬውን ከሩቅ ጀመሩት፤ ስለ አገሩ፣ ስለ በሽታው፣ የሰው ሁሉ መንገድ አንድ ስለመሆኑ። አውቃለሁ፣ ይተዉት ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ አዩኝ፤ ዋጥኩት። "አባትሽ" ሲሉ አሁን የሰማሁ መስዬ ላለቅስ ተዘጋጅቻለሁ። መምሰል ግን አላስፈለገም። ያንን ቃል የሰው ድምፅ ሲለው ሌላ ነገር ነው። ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ነው፤ አብረው የመጡት ሴቶች በብብቴ ይዘውኛል።

ከሰዓት በኋላ አከራዬ ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ቅቅል በቅጠሉ ጠቅልላ መጣች። ኡጋንዳዊት ናት፣ ማማ ነው የምላት። በርጩማው ላይ ወዳቆሙት ፎቶ ሄዳ ጎንበስ ብላ አየችው።

"አቧራ አለበት" አለችኝ፣ በልብሷ ጫፍ የአባዬን ትከሻ ጠረገች። አልለቀቀም። ምራቋን እንትፍ ብላ ደግማ ጠረገች። መስታወቱን ከፍታ ከውስጥ ልትሞክር ፍሬሙን ገለበጠችው።

"ተዪው ማማ" አልኳት። "እጄ ነው።"

አልገባትም። ፎቶውን መልሳ አቆመችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።