ሽማግሌው ያነበቡልኝ እሑድ

ሚስቴ ልጄን በወረቀት ወሰደችብኝ። ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቴን ያሳረፍኩት እኔው ነኝ፤ ማንም እጄን አልጠመዘዘም።

ስንፋታ ጉዳያችንን የያዙት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰብሳቢው የእሷ አጎት፣ በታቦር ሰፈር የተከበሩ፣ ሳይጸልዩ ውሃ እንኳ የማይጠጡ ሰው ናቸው። ስምምነቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ፤ የሦስት ዓመት ልጄ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፣ እሑድ እሑድ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ ጋር ትውላለች። ሌላ ሰው ያንብብልኝ ማለት ነበረብኝ። ግን ሽማግሌ አንብቦ ሲጨርስ "እስቲ ሌላ ሰው ይድገመው" ማለት ሽማግሌውን ሌባ ብሎ መስደብ ነው። እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝ። ፍርድ ቤቱም አጸደቀው።

በመጀመሪያው እሑድ ተኝታለች ተባልኩ። በሁለተኛው አሟታል። ከዚያ ወዲያ በአዋሳ ከተማ እንደ ልጄ ያለ በሽተኛ አልነበረም፤ በሽታው ደግሞ እሑድን ጠብቆ ነው የሚነሳው። አጎትዬው ዘንድ ሄጄ ስከስ "ታገስ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል" ይሉኛል። እሱስ ያውቃል፤ ማንበብ ይችላላ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። መሠረተ ትምህርቱን ስሸሸው ኖሬ፣ ቀበሌው ያልተማረ ከሱቃችን ስኳር አያገኝም ሲል፣ ለእውቀት ካለኝ ጥልቅ ፍቅር የተነሳ ተመዘገብኩ። ግንበኛ ነኝ፤ የሲሚንቶ እጄን ይዤ ከአማቶችና ከምራቶች ጋር ፊደል ቆጠርኩ። ስጨርስ የሚነበብ ነገር ፈለግሁ። ቤቴ ያለው ወረቀት ያ ብቻ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አራት ቀን ፈጀብኝ። እሑድ የሚል ቃል የለበትም። "አባት ልጁን የሚያየው እናት ስትፈቅድ ነው" ይላል።

ወረቀቱን ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ዳኛው ሁላችንንም አስጠርተው እኔኑ አንብበው አሉኝ። እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ከኋላዬ ሚስቴ የነበረችው "ይሄን ሰው ደግሞ ማን አስተማረው?" ስትል ሰማሁ።

"መንግሥት" አልኳት።

አጎትዬው ሲጠየቁ አልካዱም። እሷ እሑድን አልሰጥም ብላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለ እሑድ አልፈርምም ብዬ ነበር።

"ለሰላም ስል፣ መስማት የሚፈልገውን አነበብኩለት" አሉ።

ዳኛው "እንግዲያው አባቴ፣ ያን ቀን ያነበቡትን አሁን ለጸሐፊው ይንገሩልኝ" አሉ።

ተናገሩ፤ ተጻፈ። እሷ ግን "ቁርሷን ሳትበላ አትወጣም" አለች። እሱም መዝገቡ ውስጥ ገባ። ያቺ አምስት ዓመት የሞላት በሽተኛ በስድስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ድና ጠበቀችኝ፤ ጉዳዩ የተዘጋው ሰኞ፣ ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።