ክብሪትና የእናቷ ግማሽ መዝሙር

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ ብውል ሆዴ ይፈነዳል!

ክብሪት የምንላት ልጅ አለች። ሆቴል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት እንጃ፣ ግን ልክ ነው፤ ትንሽ ጫር ካደረጓት ቦግ ነው። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት፣ እንፋሎት ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። ካውያውን ስትገፋ ታዲያ ሁሌ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች፤ የገና መዝሙር ነው። ያ በቫዮሊን ቀስ ብሎ የሚጀምረው፣ የድሮው ክላሲካል። እናቷ ገላዋን ስታጥባት፣ ጸጉሯን ስትሠራት፣ ሲያማት ግንባሯን ይዛ እሱኑ ነበር የምታዜምላት። ከዓለም ሙዚቃ ሁሉ እሱን የሚያህልባት የለም። ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ግን “እነዚህ ደግሞ አበላሹት!” ብላ ጥርቅም ታደርገዋለች። በቃ፣ ዓለም ሁሉ ተሳስቶ እሷና እናቷ ብቻ በትክክል የሚያውቁት ይመስላት ነበር።

ዘንድሮ ሠራተኛው ለገና ለእንግዶች ይዘምር ተባለ። አንድ ቦታ ላይ ብቻዋን የምትዘምር ሴት ታስፈልጋለች፤ መዝሙሩም ያው ያ ነው። ክብሪት ማንም ሳይቀድማት እጇን አወጣች።

“እኔ ይሄን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት!”

በልምምዱ ቀን፣ የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ፣ ፒያኖ የሚጫወቱት ሽማግሌ ጀመሩላት፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ለቀቀችው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሆቴሉ ካሸር አፏን በእጇ ይዛ፣ “ሊፍቱ ምድር ቤት ቆመባት እንዴ? ዜማው እኮ ላይ ወጥቷል!” አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

“ምን ያስቃችኋል? ጋሼ ናቸው የሚያበላሹት!” አለች ክብሪት።

ሽማግሌው አልተቆጡም። “የኔ ልጅ፣ የምትዘምሪው ሁለተኛውን ድምፅ ነው። ሥር ሥሩን የሚሄደውን። ዋናው ሌላ ነው” አሏትና በቀኝ እጃቸው ዋናውን፣ በግራቸው የእሷን አንድ ላይ ተጫወቱላት። ግጥም አለ። ቢጣረስ ይሻላት ነበር! እንደዚያ መግጠሙ ነው ያንገበገባት።

ቤት ስትገባ እናቷ ድንች ትልጣለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“እማዬ፣ የገናውን ዘምሪልኝ።”

እናቷ ጀመረች። ያው፣ ሥር ሥሩን።

“ዋናውስ የታለ?”

ቢላዋው ቆመ። “ማን ነገረሽ?”

“ሰው ሁሉ ሳቀብኛ! ለምንድነው ግማሹን ያስተማርሽኝ?”

“መዘምራን ውስጥ ሳለሁ እኔ የምይዘው እሱን ነበራ።”

“ዋናውን ማን ይይዝ ነበር?”

“አባትሽ።”

አባቷ እሷ ገና ዳዴ ስትል ወጥቶ የቀረ ሰው ነው። ስሙ እዚያ ቤት አይነሣም። ክብሪት ቦግ አለች።

“ታዲያ ሲሄድ አትይዢውም ነበር? ቦታውን ባዶ አይደል የተወው! ይሄን ሁሉ ዓመት ለዚያ ሰውዬ ቦታ ይዘሽለት ኖረሻላ! እንደ አውቶቡስ ወንበር፣ ቦርሳ አስቀምጠሽ!”

እናቷም ድንቹን ወረወረችው። “አትጩኺብኝ! ቦታ ይዤለት አይደለም! ዋናውን ስሞክር የሱ ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣብኝ። ታዲያ ልጄን በሱ ድምፅ ላሳድጋት? ያለኝን የራሴን ሰጠሁሽ!”

ክብሪት እንደነደደች ራቷንም ሳትበላ ተኛች።

በማግስቱ ሽማግሌው ጋ ሄዳ፣ “ጋሼ፣ ዋናውን አስተምሩኝ” አለቻቸው። በየምሳ ሰዓቱ ጥርሷን ነክሳ ተማረችው። በካውያው እየደቆሰች ስትለማመድ አንሶላው ራሱ የሚያለቅስ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ አንድ ቀን እናቷ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ክብሪት በር ላይ እንደቆመች ዋናውን ከላይ ጫነችባት። እናቷ ድርቅ አለች።

“ምን ያቆምሻል? ያንቺን ያዢ!”

እናቷ ቀጠለች። ዕቃውን እንደያዘች፣ እስከ መጨረሻው።

“ትጮሂያለሽ” አለቻት ሲጨርሱ። “እሱ እንኳ እንዲህ አይጮህም ነበር።”

“እኔ እሱ አይደለሁም!” ብላ ክብሪት ከመጀመሪያው ጀመረች።

በገናው ቀን ዋናውን ብቻዋን ቆማ ዘመረችው። ካሸሯም ትንፍሽ አላለችም። ንዴቷ ወጣላት ወይ ብትሉኝ፣ ኧረ የት! አባቷን የሰማች ይመስል ያ መዝሙር ሬዲዮ ላይ በመጣ ቁጥር አሁንም ፊቷ ይቀላል። ግን አታጠፋውም። እናቷን ትጠራና “ነይ፣ ያንቺን ያዢ” ትላታለች።

እናንተስ? የምትወዱትን የገና ሙዚቃ ከማን አፍ ነው የሰማችሁት? የሰማችሁትስ ሙሉውን ነው ወይስ ግማሹን?